ያችን ነገር አሰቡባት?

«ተረት ተረት!»

«የሰንበሌጥ ቤት!»

ምነው ድምፃችሁ ሰለለ? እራት አልበላችሁም እንዴ? እንደገና! ተረት ተረት!

«የሰንበሌጥ ቤት!»

እንዲያ ነው እንጂ። ጠጋ ጠጋ በሉ። ጥግ ይዞ የሚያንጎላጅ ካለ ቆንጥጡት። ይህ የቁጣ ተረት ነውና ተኝተው ሲሰሙት ያቃዣል።

በድሮ ዘመን፣ ቆቅ ውኃ በምትባል አገር፣ አያ ፈንቴ የሚባል ሣር ቤት ከዳኝ ነበር። እጁ የተባረከ ነው። እሱ የከደነው ጣራ እንኳን ዝናብ ሐሜት አያሾልክም። አንዴ የከደነው ቤት ውስጥ የገባ ጢስ፣ መውጫ አጥቶ ከቤተሰቡ ጋር ከርሟል ይባላል።

ኩራቱ ግን አይጣል ነው። እጁ ጣራ ላይ ያወጣዋል፤ ኩራቱ ከተቀመጠበት ድንጋይ አያስነሣውም።

በቆቅ ውኃ አንድ ልማድ ነበረ። ከዳኝ የሰው ጣራ ዞሮ ያይና ዋጋውን ይናገራል። ከዚያም ከዕቃው አንዱን እዚያው ቤት ትቶ ይሄዳል። ይህ መያዣ ይባላል። ባለቤቱ ዋጋውን ከወደደው መያዣውን በእንስራ ጠላ አጅቦ ይመልሳል። ካልወደደው ባዶውን ይመልስና «እግዜር ይስጥልን» ይላል። በቃ። መያዣው ሳይመለስ ሌላ ከዳኝ ያን ጣራ አይነካም። ከዳኙም መያዣው ከባለቤቱ እጅ ሳይመለስለት የትም ጣራ ላይ አይወጣም። ከወጣ ቃሉን በላ ይባላል። ቃሉን ለበላ ሰው ደግሞ እሳት የሚጭርለት ጎረቤት የለም። በጉልበት ገብቶ ማንሣትም ሌብነት ነው።

ልማዱ ደግ ነበር። የቆቅ ውኃ ሰው ግን አንድ ክፉ ዓመል ነበረበት። ሰው ፊት ላይ «አይሆንም» ማለት አይችልም። ምላሱ ይተሳሰራል። ሞት እንኳ መጥቶ «ልውሰድህ?» ቢለው፣ «እስቲ እናስብበት» ብሎ ይመልሰው ነበር።

እንግዲህ ጥር ሲገባ፣ እህሉ ከአውድማ ሲነሣ፣ አያ ፈንቴ ዕቃውን ተሸክሞ ወጣ። በመጀመሪያ ባላምባራስ ድልነሣሁ ዘንድ ሄደ። ባላምባራስ የአገሩ ጌታ ናቸው። አዳራሻቸው ከመስፋቱ የተነሣ፣ በአንዱ በር ጎረምሳ ሆኖ የገባ በሌላው በር ሲወጣ ይሸብታል። አያ ፈንቴ ጣራቸውን አየና ዋጋውን ተናገረ።

ባላምባራስም ጥርሳቸውን እየጎረጎሩ፦ «እናስብበትና እንልክብሃለን» አሉት።

መሰላሉን ትቶ ወጣ። ከዚያም እምዬ ጠጅቱ ወደሚባሉ ባልቴት ሄደ። እሳቸውም፦ «እናስብበትና እንልክብሃለን» አሉ። ማጭዱን ትቶ ወጣ። ከዚያም ወደ አያ ሽባባውና ወደ ሚስቱ ወደ ደብሬ ሄደ። ባልና ሚስት ባንድ አፍ፦ «እናስብበትና እንልክብሃለን» አሉት። ሣሩን በገመድ የሚሰፋበትን፣ ክንድ የሚያህለውን የእንጨት መርፌ ትቶ ወጣ።

ባዶ እጁን ቤቱ ገባና ደጃፉ ላይ ካለችው ድንጋይ ተቀመጠ። ለሰው ቤት ብሎ ያጨደው ሰንበሌጥ ግቢው ውስጥ ተራራ አክሎ ተከምሯል። ዶሮዎቹ ውስጡ ገብተው አገር መሥርተዋል።

የራሱ ቤትስ? አትጠይቁኝ። እሺ ጠይቁኝ። የአያ ፈንቴ ቤት ጣራ ወንፊት ነው። አሞራ በላዩ ሲያልፍ ጥላው ገበታ ላይ ያርፋል። ሚስቱ እናንዬ ካገባችው ጀምሮ በየዓመቱ፦ «ያንተ ቤትስ መቼ ነው የሚከደነው?» ትለዋለች። እሱም በየዓመቱ፦ «እናስብበታለን» ይላታል። ዘንድሮ ግን እናንዬ ነፍሰ ጡር ናት። ወሯም የሚገባው ክረምት ላይ ነው።

የካቲት አለፈ። ማንም አልመጣም። መጋቢት አለፈ። መያዣ የያዘ ሰው ቀርቶ መንገድ የጠፋበት ውሻ እንኳ ብቅ አላለም። የአያ ፈንቴ አንጀት ማረር ጀመረ። መጀመሪያ ጆሮው ቀላ። ከዚያም ግንባሩ ላይ ያለው ሥር አብጦ የዛፍ ሥር አከለ። ሚያዝያ ላይ ኡፍ ባለ ቁጥር ዶሮዎቹ እየተነሡ አጥሩ ላይ ይለጠፉ ነበር። ግንቦት ላይማ ንዴቱ ከመጋሉ የተነሣ፣ እናንዬ ማገዶ ቸግሯት የሽሮ ድስቷን አናቱ ላይ ጥዳ አንተከተከች ይላሉ። እኔ አላየሁም። ሽሮውን የበላ ሰው ግን አውቃለሁ።

እናንዬም፦ «ሰውዬ፣ ተነሥተህ ጠይቃቸው እንጂ» አለችው።

«ምን? እኔ? ፈንቴ?» ብሎ ጮኸ። «ዋጋዬን ነግሬ፣ መያዣዬን ትቼ፣ ደግሞ ሄጄ ደጅ ልጥና? ለማኝ ነኝ? የፈለገኝ ይምጣ!»

«ካልመጡስ?»

«ካልመጡ ጣራቸው አናታቸው ላይ ይውረድ!»

«እሱስ የኛ ይቀድማል» አለችና ወደ ሥራዋ ገባች።

በመንገድ የሚያልፍ ሰው ሁሉ አያ ፈንቴን ድንጋይ ላይ ተጎልቶ፣ ፊቱን እንደ በረሃ ቋንጣ አጨማዶ ያየዋል። ሊያነጋግረው ያሰበውም ፊቱን አይቶ መንገዱን ይቀጥላል። «ፈንቴ ኮርቷል፤ ሰላምታም አይመልስ» ይባላል። እሱ ደግሞ የሚሸሸውን ሰው ጀርባ እያየ፦ «ናቁኝ! አዩኝና ዞሩ!» ይልና ይብስበታል።

ሰኔ ገባ። አንድ ቀን ምሳ ላይ አያ ፈንቴ ሲጎርስ፣ ከጣራው ጠብ! እጁ ላይ ያለው ጉርሻ ራሰ።

እናንዬም ቀና ብላ አየችና፦ «እሰይ፣ ወጡን ማቅጠኛ ከሰማይ መጣልህ» አለችው። «የሚወለደውንስ ምን ላድርገው? ከጡት በፊት ዋና ላስተምረው?»

ይህ ነገር አያ ፈንቴን እንደ ጊንጥ ነደፈው። ብድግ አለ። የተቀመጠባት ድንጋይ ነጻ ወጣሁ ብላ እልል አለች። «አገር ምድሩን እሰድባለሁ! መያዣዬን በእጃቸው ሳያስረክቡኝ አልመለስም!» እያለ ቁልቁል ወረደ።

መጀመሪያ እምዬ ጠጅቱ ደጃፍ ደረሰና ሊጮህ አፉን ከፈተ። እምዬ ጠጅቱ ግን ቀደሙት።

«መጣህ አንተ ኩሩ! ምን ዓይን ይዘህ መጣህ?»

«እኔ? እኔ ነኝ ወይስ አንቱ? ከጥር ጀምሮ...»

«ዝም በል! ጠላውን የጠመቅሁት የካቲት ላይ ነው። ዋጋህን ወድጄዋለሁ። ታዲያ በዚህ ጉልበቴ እንስራ አዝዬ ያንተን ዳገት ልውጣው? ዛሬ ይመጣል፣ ነገ ይመጣል ስል ጠላው ኮመጠጠ፤ እኔም ኮመጠጥሁ። ዶሮዎቼ ጠጡት። ይኸው እስከ ዛሬ ቀጥ ብለው አይሄዱም!»

«ሰው አይልኩም ነበር?»

«ማንን ልላክ? ድመቲቱን?»

አያ ፈንቴ የከፈተውን አፍ ምን ያድርገው? የተረፈችውን ኮምጣጣ ጠላ ተቀበለበት። እምዬ ጠጅቱ ማጭዱን በጨርቅ ጠቅልለው አስቀምጠውት ኖሯል፤ አውጥተው በእጁ ሰጡት። «ክረምት ሳይገባ ድረስልኝ፤ ምድረ ዝናብ መደቤ ላይ ነው የሚያድር» አሉት። ወጥቶ ሲሄድ በማን ላይ እንደሚናደድ ግራ ገባውና፣ ለጊዜው በዳገቱ ተናደደ።

ከዚያም ወደ አያ ሽባባው ቤት ገባ። ምን ያያል? ደብሬ ምድጃ ዳር ቁጭ ብላ፣ በእሱ የክዳን መርፌ ገንፎ ታገነፋለች።

«ደብሬ! መርፌዬን?»

«ይህ ያንተ ነው? መልሶልሃል መስሎኝ!» አለችና ወደ ባሏ ዞረች። «አልመለስክለትም?»

«እኔ? አንቺ አልመለስሽም?»

«እኔማ ማማሰያ ገዛህልኝ ብዬ መርቄህ ነበር!»

ባልና ሚስት ተያዙ። ገንፎው አረረ። አያ ፈንቴ በመካከል ቆሞ፦ «ጠባችሁን ኋላ! መልሴን ስጡኝ! እሺ ነው አይሆንም?» ብሎ አንባረቀ። ሽባባውም ቀዝቀዝ አለና መሬት መሬት እያየ፦ «እውነቱን ልንገርህ አያ። በሬዬ ሞቶብኛል። ዘንድሮ አቅሙ የለኝም። ፊትህ ላይ ለማለት ግን ከበደኝ» አለ።

«ከበደህ? እኔን ድንጋይ ላይ ስትተክለኝ አልከበደህም፣ አንዲት ቃል ከበደችህ? አሁን በለኝ!»

«ምን ልበልህ?»

«አይሆንም በለኝ!»

«ኧረ ነውር ነው አያ!»

«ካላልከኝ ገንፎውን በልቼ እዚሁ አድራለሁ!»

ሽባባው ኮሶ እንደሚጠጣ ሰው ዓይኑን ጨፈነ። ፊቱን አጨማደደ። «አ... አይ... አይሆንም» አለና ላቡን ጠረገ። መርፌውንም አንሥቶ በእጁ ሰጠው።

አያ ፈንቴ ከደረቱ ላይ ወፍጮ የተነሣለት መሰለው። ደግሞ ተናደደ። ይህችን ለመስማት ነው አምስት ወር ሙሉ የጨሰው? ገንፎ የለበሰውን መርፌ እየላሰ ወጣ።

ቀረ መሰላሉ። እሱ ካልተመለሰ የእምዬ ጠጅቱም ጣራ አይከደን፣ የእናንዬም አይከደን። ወደ ባላምባራስ አዳራሽ ገሰገሰ። ባላምባራስ ተጋድመው ጥርሳቸውን ይጎረጉራሉ። ከጥር ጀምሮ ያው ጥርስ ነው።

«ጌታዬ፣ መሰላሌ!» አለ አያ ፈንቴ። «እሺም ይበሉ፣ እምቢም ይበሉ፣ ቁርጤን ይንገሩኝ!»

«እያሰብንበት ነው» አሉ።

«ሚስቴ ልትወልድ ነው! ባልቴቷ እየራሱ ነው! መሰላሌ እዚህ ተይዞ የማንም ጣራ ላይ መውጣት አልችልም!»

ባላምባራስም ከት ብለው ሳቁ። «እሱንማ መቼ አጣሁት? ስማ ፈንቴ። የኔ ጣራ ዘንድሮን ይችላል። ያንተ ሆድ ግን ክረምቱን አይችልም። ሐምሌ ሲጋመስ ራስህ መጥተህ፣ በአንድ ቁና ሽምብራ ልክደንልዎ ትለኛለህ። ያን ጊዜ እናስብበታለን።»

ሌሎቹ ቢረሱም፣ ቢያፍሩም፣ እኒህ ሆን ብለው ነው! የአያ ፈንቴ ደም ፈላ። ያልተሰደበ ዘር ማንዘር አልቀረም። ባላምባራስ ጣታቸውን አነቃነቁ። ውሾቹ ተለቀቁ። አያ ፈንቴም የሱሪውን መቀመጫ ለውሾቹ ስጦታ ትቶ፣ አጥር ዘሎ ቤቱ ገባ።

«አቃጥለዋለሁ! አዳራሹን ከነጥርስ መጎርጎሪያው አቃጥለዋለሁ!» እያለ ፎከረ። እንባው ከንዴቱ ሙቀት የተነሣ ጉንጩ ሳይደርስ ይተናል። እናንዬ የሱሪውን ቀዳዳ አይታ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ከዚያም ሳቋን ዋጠች።

«ተው። ስትጮህበት ውሻ ይለቅብሃል። በሰላምታ ላይ ውሻ የለቀቀ ጌታ ግን እስካሁን አልሰማሁም። ንዴትህን አትጣላት፤ ጥርስህ ሥር ያዛት። ሂድና በትሕትና ጠይቀው። ነገም ጠይቀው። ከነገ ወዲያም ጠይቀው።»

«ደጅ ልጥና?»

«የራስህን መሰላል ነው የምትጠይቅ፣ የሰው እንጀራ አይደለም! እሺ ቢልህ መሰላልህ ይመጣል። እምቢ ቢልህ መሰላልህ ይመጣል። ምኑን ነው የምትፈራው?»

አያ ፈንቴ ይህን ነገር ቢያገላብጠው ቢያገላብጠው መሰንጠቂያ አጣበት።

በማግሥቱ ባላምባራስ ቤተ ክርስቲያን ተሳልመው ሲወጡ፣ አያ ፈንቴ ከደጀ ሰላሙ ብቅ አለ። እስከ መሬት እጅ ነሣ። ጥርሱን ከመንከሱ የተነሣ ፈገግታው ይንቀጫቀጫል። «እንደምን አደሩ ጌታዬ! ያችን ነገር አሰቡባት?»

ባላምባራስ ደነገጡ። ሰው ያያል። «እ... እያሰብንበት ነው» ብለው አለፉ።

ዋርካው ሥር ተቀምጠው ሰው ሲያስታርቁ ከዋርካው ላይ ድምፅ መጣ። «እንደምን ዋሉ ጌታዬ! ያችን ነገር አሰቡባት?» ፀጉራቸውን ሲላጩ፣ ግማሹ ተላጭቶ ግማሹ ሲቀር፣ መሸሻ በሌለበት ሰዓት መጣ። «ያችን ነገር አሰቡባት?» ለቅሶ ቤት ሄዱ። አያ ፈንቴ «ወይኔ ወንድሜን! ወይኔ ወንድሜን!» ብሎ ደረቱን እየደቃ ተጠጋቸውና፣ በለቅሶው መካከል ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦ «ጌታዬ፣ ያችን ነገር አሰቡባት?» አለ። ለሰውነታቸው ጉዳይ ቁጥቋጦ ውስጥ ገብተው ቁጭ አሉ። ቁጥቋጦው እጅ ነሣ። ከዚህ ወዲያ ያለውን አልናገርም፤ እራት የበላ ሰው አለ።

ውሻ እንዳይለቁበት ሰላምታ ነው። እንዳይከሱት ትሕትና ነው። አያ ፈንቴ ግን ሰላምታው በወጣ ቁጥር ውስጡ ይንበገበጋል፤ ያን ንዴት ይዞ ነው እንዲያ ማር ማር የሚለው።

ነገሩ አገሩን ያዘ። ምንጭ ላይ ሴቶች ሲገናኙ «ያችን ነገር አሰብሽባት?» ይባባላሉ። የባላምባራስ ሚስት ራሳቸው በገበታ ላይ፦ «ወጥ ልጨምርልዎ ወይስ ያስቡበታል?» አሉ። በቅሏቸውም ወንዝ መሐል ቆማ ወደ ኋላ ዞራ ታያቸው ጀመር። ምን እንደምትል እሳቸው ያውቃሉ።

ከዚያም የገበያ ቀን ሆነ። ባላምባራስ በበቅሏቸው ላይ ሆነው ገበያ ገቡ። አንድ ባለጨው፦ «ጌታዬ፣ አሞሌ ልስጥዎ?» አላቸው። እሳቸውም ከልማድ፦ «እናስብበት» አሉ።

ገበያው ሁሉ፣ ባለጨው ባለማር፣ ሻጭ ገዢው፣ ባንድ አፍ፦ «ያችን ነገር አሰቡባት?»

ባላምባራስ ፈነዱ። «አላሰብሁም! አላስብም! አልፈልግም! አይሆንም! አይሆንም! አይሆንም!»

በቆቅ ውኃ ይህች ቃል በአደባባይ ተሰምታ አታውቅም። አንዲት አህያ ደንግጣ ጭነቷን ጣለች። አያ ፈንቴ ግን ከሰው መካከል ወጣና ጎንበስ አለ።

«እግዜር ይስጥልን ጌታዬ። እንግዲህ መሰላሌን በእጅዎ።»

ባላምባራስ በንዴት በቅሏቸውን ኮልኩለው ጋለቡ። ገበያው ከኋላቸው ተከተለ። አዳራሻቸው ገቡና መሰላሉን ራሳቸው እየጎተቱ አውጥተው፦ «እንካ! ዳግመኛ ዓይንህን አልይ!» አሉት። ይህን ጊዜ ሰማዩ ጓ! አለና ለአንድ አፍታ ካፊያ ጣለ። በራቸው ላይ ቆመው ሳሉ፣ ከዚያ ዘንድሮን ይችላል ካሉት ጣራ አንዲት የጥቀርሻ ጠብታ ወርዳ የተላጨ ራሳቸው ላይ ጠብ አለች። ደግሞ ጠብ። ከዚያም እንደ ጥቁር ወተት ተንዠቀዠቀች።

«ቆ... ቆይ እስቲ ፈንቴ» አሉ። «ዋጋህ ምን ነበር ያልከኝ? ያንኑ እሰጣለሁ።»

አያ ፈንቴ አፉን ከፈተ። «እናስብበታለን» የምትለዋ ቃል ምላሱ ጫፍ ላይ መጥታ ተቀመጠች። ማር ማር አለችው። ከጥር እስከ ሰኔ የተቃጠለባትን ቃል መልሶ ቢተፋባቸው እንዴት ደስ ይለው ነበር! ግን ያች ድንጋይ ትዝ አለችው። ዋጣት።

«አይሆንም ጌታዬ» አለ። «ይዩት፣ ሰው ፊት ላይ እንዲህ ነው የሚባል። ይልቅ ዶፉ ሳይመጣ ሌላ ከዳኝ ያስፈልጉ፤ መያዣዬ ከቤትዎ ወጥቷል።»

መሰላሉን ተሸክሞ እየፎከረ ሄደ። «በቀጥታ እምዬ ጠጅቱ ጣራ ላይ ነው የምወጣ!» ይላል። ሰንበሌጡን ሊያስጭን በቤቱ በኩል አለፈ። እናንዬ ሆዷን በአንድ እጅ፣ የበሩን መቃን በሌላ እጅ ይዛ ደጃፉ ላይ ቆማለች። ምጥ ጀምሯታል። ከኋላዋ ቤቱ ውስጥ በየቦታው ድስት፣ ቅልና ማሰሮ ለጠብታ ተደርድሯል። ጎንበስ ብላ እጅ ነሣችው።

«እንደምን ዋሉ ጌታዬ» አለች። «ያችን ነገር አሰቡባት?»

አያ ፈንቴ ፉከራውን አቋረጠ። ካገባት ጀምሮ በየዓመቱ የጠየቀችው፣ በየዓመቱ «እናስብበታለን» ያላት ሁሉ ተሰልፎ መጣበት። አገር ምድሩን ሲሰድብ፣ ባላምባራስን ሲረግም፣ ከሁሉ ረጅም መልስ ያስጠበቀው ማን ኖሯል? ያ ሁሉ ንዴት ዞረና በራሱ ላይ ወረደ።

«እናንዬ...» አለ።

«እሺ ነው አይሆንም?»

«እሺ! እሺ! እሺ!» ብሎ መሰላሉን በገዛ ግድግዳው ላይ አቆመ።

ወጣ። እንደ ዝንጀሮ ወጣ! ከገበያ የተከተለው ሰው ሁሉ ደቦ ሆነ። ሽባባው ከታች ሰንበሌጡን ይወረውራል፤ ደብሬ ገመድ ታቀብላለች። እምዬ ጠጅቱ ከደቦኞቹ በአንዱ ትከሻ ተደግፈው ዳገቱን ወጡና፦ «የኔን ነገ ማለዳ! እስከዚያ መደቤን ለዝናቡ አከራየዋለሁ!» ብለው እናንዬን ሊያዋልዱ ገቡ። አያ ፈንቴ ንዴቱን ሁሉ በእጁ አወረደው። መርፌው ከመፍጠኑ የተነሣ ከነአየሩ ይሰፋ ነበር፤ አንድ ያለፈ ቁራም አብሮ ተሰፍቶ ነው በልመና የተፈታ። ዳመናው በኮረብታው ላይ ሲመጣ፣ እሱ ጉልላቱን አሠረ። ዝናቡ ወረደ። ምን ዓይነት ዝናብ! ወንዙ ራሱ መጠለያ ፈለገ።

ከታች አንድ ለቅሶ ተሰማ። እልልታ ተከተለ። እምዬ ጠጅቱ በበሩ ብቅ አሉና፦ «ሴት ናት! ደረቅ ናት!» ብለው ጮኹ።

አያ ፈንቴ ጣራው ላይ እንደተቀመጠ፣ ውኃ እየወረደበት፣ ከጥር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። በማግሥቱ ማለዳ የእምዬ ጠጅቱን ጣራ ከደነ። ባላምባራስ ግን ሌላ ከዳኝ አጥተው ክረምቱን ሙሉ ጃንጥላ ይዘው እራት በሉ። ጥርሳቸውንም የሚጎረጉሩት ጥላ ሥር ነበር ይባላል።

ከዚያ ወዲህ በቆቅ ውኃ መያዣ የተወ ሰው ድንጋይ ላይ አይቀመጥም። በሚቀጥለው ገበያ ሄዶ በሳቅ ይጠይቃል። መያዣ የያዘውም እሺ ወይም አይሆንም ይላል። ልጅቷንም ስም ሲያወጡላት «እሽቱ» አሏት።

ይኸው ተረቴ አለቀ፣ ጉሮሮዬም ደረቀ። ቆሎ ያለው ቆሎ፣ ጠላ ያለው ጠላ፣ ምንም የሌለው «አይሆንም» ይበለኝና እንሳሳቅ። «እናስብበት» የሚለኝ ካለ ግን ይወቀው፦ ነገ ማለዳ፣ እሱ ወደ ቁጥቋጦው ሲሄድ፣ እኔ ቀድሜው እዚያ ነኝ!